ፖፖ ያልተቀበሉት ገንዘብ

ዊቻት የሚባለውን፣ ቻይናውያን መልእክትም ገንዘብም የሚላላኩበትን የስልክ መተግበሪያ የሚጠቀም ሰው ያውቀዋል። ለሰው ገንዘብ ልካችሁ ተቀባዩ "ተቀበል" የምትለዋን ካልነካ፣ ገንዘቡ በ24 ሰዓቱ ራሱ ዞሮ ይመለስላችኋል። ክርክር የለ፣ ቁጣ የለ። አንዲት አጭር መልእክት ትመጣለች፣ በቃ። ከዉሃን ይዤው ከተመለስኩት ነገር ሁሉ እስከ ዛሬ የምትከነክነኝ ያቺ መልእክት ናት። በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ደርሳኛለች።

ዉሃን የገባሁት በ2015 መስከረም ነው። (ዓመታቱንም ወራቱንም በፈረንጆቹ ልጥቀስ፣ አለዚያ ለራሴም ይምታታብኛል።) ሁለተኛ ዲግሪ፣ የውሃ ምህንድስና። ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ቻይና ስለሄደ ተማሪ የሚወራውን ሁላችሁም ሰምታችኋል። ስኮላርሺፑ፣ ዶርሙ፣ ቋንቋው፣ ቪፒኤኑ። እሱን ልዝለለው። የምጽፈው ስለ ሁለት አዛውንት ጎረቤቶቼና ስለ አንድ ፖስታ ነው።

ኑድሌን የነጠቁኝ ሴትዮ

በሁለተኛው ዓመት ከዶርም ወጥቼ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ ባለ አሮጌ የመኖሪያ ሰፈር ቤት ተከራየሁ። ሕንፃው ስድስት ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። እኔ አምስተኛ ላይ። በገባሁበት ቀን አከራዬ ቀጥታ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰደችኝ። የውጭ አገር ሰው አዲስ ቤት ሲገባ በ24 ሰዓት ውስጥ መመዝገብ አለበት። (ይቺ 24 ሰዓት ቻይና ውስጥ የምትወደኝ ይመስለኛል።)

ዉሃኖች ቁርስ ለመብላት የራሳቸው ቃል አላቸው። "ጉዎ ዛኦ" ይሉታል፤ ማለዳን ማለፍ እንደማለት ነው። ቤት ቁጭ ብሎ ቁርስ የሚበላ ብዙም አላየሁም። መንገድ ዳር ይሰለፋሉ፣ የወረቀት ሳህናቸውን ይቀበላሉ፣ ከዚያ እየሄዱ፣ አውቶቡስ እየጠበቁ፣ ስኩተር ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ይበላሉ። የቁርሱ ንጉሥ ሬ ጋን ሚየን ነው። ትኩስ ደረቅ ኑድል። መረቅ የለውም። ኑድሉ ከፈላ ውሃ ይወጣና ወፍራም የሰሊጥ ልውስ ይደፋበታል፣ ከላይ በጨው የሰነበተ የተከተፈ ፍጁል ጣል ይደረግበታል። የመጀመሪያ ቀን የሰሊጡ ሽታ ሲመታኝ፣ ይሄ ከሁመራ የመጣ ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። የአገራችንን ሰሊጥ ዋነኛ ገዢ ቻይና አይደለች?

ኅዳር ላይ ነው። ሳህኔን ተቀብዬ ስልኬን አወጣሁ። ለእናቴ ፎቶ ልልክ። ከፊቴ የነበሩ አሮጊት ዞር ብለው አዩኝ። አበባ አበባ ያለው ወፍራም ፒጃማ ለብሰዋል፤ በዚያ ከተማ በክረምት ፒጃማ ለብሶ ገበያ መውጣት ነውር የለውም። ሳህኔን አዩ፣ ስልኬን አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ሳህኑን ከእጄ ነጠቁኝ። ቾፕስቲኩንም። እንደ ገንፎ ግጥም አድርገው አማሰሉት። "ቶሎ ካላማሰልሽው ይጋግራል" አሉኝ። ሰሊጡ ኑድሉን ሁሉ ሲይዝ መለሱልኝ። "ብዪ አሁን።"

ሰልፉ ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ ሊመጣ ነበር። አገሬን ከለቀቅሁ ጀምሮ የምበላውን ነክቶ የሰጠኝ ሰው አልነበረም። ጉርሻ ነው የመሰለኝ። እጅ ይቅር እንጂ ነገሩ ያው ነው።

ሴትዮዋ ሦስተኛ ፎቅ ነበሩ ለካ። የሰፈሩ ልጆች "ፖፖ" ይሏቸዋል። በዉሃን አነጋገር አያት፣ አሮጊት ማለት ነው። ችግሩ ፖፖ በእኛ አገር ሕፃን የሚቀመጥበት ዕቃ ነው። ለአንድ ወር ያህል ስማቸውን ሳልስቅ መጥራት አቃተኝ። በየደረጃው ስንገናኝ "ፖ..." ብዬ ሳል እጀምራለሁ። እሳቸው ጉንፋን ይዟት ነው ብለው በተገናኘን ቁጥር አንድ ምክር ይሰጡኛል። ሙቅ ውሃ ጠጪ። ቻይና የኖረ ሰው ይህን ምክር ስንት ጊዜ እንደሰማ ራሱ ይንገራችሁ።

ባላቸውን "ዲዬዲዬ" እላቸው ነበር። ክፍል ውስጥ "ዲዬ" የድሮ ሰዎች "አባት" የሚሉበት ነው ተብለን ስለተማርን፣ ልጆቹ ሽማግሌውን ሁሉ አባባ አባባ ሲሉ መጀመሪያ ግራ ገብቶኝ ነበር። ለካ ዉሃን ውስጥ አያት ነው። ዲዬዲዬ የብረት ፋብሪካ ጡረተኛ ናቸው። ከ1958 ጀምሮ ብረት ሲያቀልጥ የኖረው የዉሃን ብረታ ብረት ውስጥ ወጣትነታቸውን ጨርሰዋል። አሁን ሥራቸው ያንግዜ ወንዝ ውስጥ መዋኘት ነው። ወገባቸው ላይ ብርቱካናማ ተንሳፋፊ ፊኛ አስረው ይገባሉ። ፊኛው ከኋላ እየተንሳፈፈ ስለሚከተል "ፈስ ተከታይ ትል" ይባላል። እኔ አይደለሁም ያወጣሁለት፣ ስሙ ነው።

መጀመሪያ ስንተዋወቅ አገሬን ነገርኳቸው። ብዙ ሰው "አፍሪካ!" ይልና እዚያው ያበቃል። እሳቸው ትንሽ አሰቡና "ሃይአር ሳይላሺ" አሉ። ምን እንደሆነ ለመረዳት ሦስት ጊዜ አስደገምኳቸው። ጃንሆይ ናቸው! በ1971 ቤጂንግ መጥተው ከማኦ ጋር ሲጨባበጡ ጋዜጣ ላይ አይተዋል። ከዚያ ምን እንደምማር ጠየቁኝ። ውሃ አልኳቸው። ዋና ትችያለሽ? አልችልም። ሽማግሌው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰው ሁሉ "ዋና የማትችለው የውሃ ሊቅ" እያሉ ነው የሚያስተዋውቁኝ።

ፖፖ ሳህን መላክ ጀመሩ። የመጀመሪያው የሎተስ ሥርና የአሳማ ጎድን ሾርባ ነበር፤ ዉሃን ውስጥ እናት ለልጇ የምትሠራው ምግብ ማለት ነው። አሳማ አልበላም አልኩ። "ሙስሊም ነሽ?" አይደለሁም። "ታዲያ?" ኦሪት ዘሌዋውያንን በሦስተኛ ደረጃ ቻይንኛ ለማስረዳት ሞክሩ እስቲ። በኋላ ዓሣ ላኩ፣ ዳቦ ላኩ። እናቴ ባዶ ሳህን አይመለስም ትላለች። እኔም አልመለስኩም። ግን ልብ በሉ፣ በማግሥቱ ነው የምመልሰው። የላኩልኝ የአሥር ኳይ ከሆነ የሃያ ኳይ ብርቱካን ሞልቼ። (ኳይ የቻይና ገንዘብ፣ የዩዋን የሰፈር ስሙ ነው።) ያን ጊዜ ጨዋነት ነው የመሰለኝ።

በድምፅ የሚበራ መብራት

ደብረ ብርሃን ያደገች ልጅ ብርድ አይፈታትም ብዬ ነበር ዉሃን የሄድኩት። አላወቅሁም። ቻይና ሰሜኑን በክረምት ታሞቃለች፣ ደቡቡን አታሞቅም። ድንበሩ የቺንሊንግ ተራራና የኋይ ወንዝ መስመር ነው። ዉሃን ከመስመሩ በታች ናት። በበጋ ከምድጃ የምትቆጠር ከተማ፣ በክረምት ቤቷ ውስጥ ከውጭ ይብሳል። እርጥብ ብርድ ነው። ጋቢ ያሳልፋል።

በ2017 ጥር፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ፣ ሆዴ ቀስፎ ያዘኝ። ማስታወክ ጀመርኩ፣ አላቆም አለ። ሲነጋ ይሻለኛል ብዬ ጠበቅሁ፣ አልነጋም። በመጨረሻ ፓስፖርቴን ይዤ ታክሲ ፍለጋ መውረድ ጀመርኩ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ከጀርባዬ የእነፖፖ በር ነው።

የዚያ ዓይነት አሮጌ ሕንፃ ደረጃ ላይ ያለው መብራት በድምፅ ነው የሚበራው። እግርህን ስትመታ ይበራል፣ ዝም ስትል ይጠፋል። እኔ አልተንቀሳቀስኩም። ግን አቃሰትኩ መሰለኝ፣ መብራቱ በራ። ጠፋ። ደግሞ በራ። በሩ ላይ ያለችውን የደወል ቁልፍ አያታለሁ። ክንዴ ትደርሳለች። አልነካሁትም። በዚህ ሌሊት ሽማግሌ ሰው አይቀሰቀስም፣ ትንሽ ልረፍ፣ እወርዳለሁ ብዬ አሰብኩ። ይህን አሁን ስጽፈው ራሴን ልመታው ይዳዳኛል። መብራቱ ስንት ጊዜ በርቶ እንደጠፋ አላውቅም። በሩ ተከፈተ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ቁርጥራጭ ነው የማስታውሰው። ዲዬዲዬ መሐል መንገድ ቆመው በሁለት እጃቸው ታክሲ ሲያስቆሙ። ፖፖ በአበባ ፒጃማቸው ታክሲ ውስጥ አቅፈውኝ ሲቀመጡ። ሆስፒታል መጀመሪያ ይከፈላል፣ ከዚያ ይታከማሉ። ዲዬዲዬ ፓስፖርቴን ይዘው ከመስኮት መስኮት ሮጡ። ካርድ፣ ምርመራ፣ መድኃኒት፣ ማስያዣ። በጠቅላላ 1,260 ኳይ። ቁጥሩን በኋላ ከደረሰኞቹ ደምሬ ነው ያወቅሁት፤ የማውቀው እንዳይመስላቸው ተደብቄ ነው የደመርኩት።

ግሉኮስ ተሰካልኝ። ቻይና ውስጥ ለዚህ የተለየ ክፍል አለ። ሰዎች ወንበር ላይ ተደርድረው፣ ከላይ ጠርሙሳቸው ተንጠልጥሎ ይቀመጣሉ። ክፍሉ ይቀዘቅዛል። ፈሳሹ ወደ ክንዴ ሲገባ በረዶ ነው። ስንቀጠቀጥ ፖፖ አዩ። የፕላስቲኩን ቱቦ በሁለት መዳፋቸው መሐል ያዙት። ያዙት ስል ለአንድ አፍታ አይደለም። ጠርሙሱ እስኪያልቅ፣ ሌላ እስኪተካ፣ እሱም እስኪያልቅ። ወደ እኔ የሚገባውን ውሃ በእጃቸው ሲያሞቁ አደሩ። አንዳንዴ እንቅልፍ ይወስዳቸውና አንገታቸው ይወድቃል። እጃቸው ግን አይለቅም።

ነጩ ፖስታ

በሦስተኛው ቀን ተሻለኝ። መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ምን መሰላችሁ? ስልኬን አንስቼ ለፖፖ 1,300 ኳይ ላክሁ። ከነአርባ ጭማሪዋ። ከሥሩ "ሺዬሺዬ" ብዬ ሦስት ጊዜ ጻፍሁ፣ አመሰግናለሁ። በማግሥቱ ገንዘቡ ተመለሰ። አላዩት ይሆናል አልኩ። እንደገና ላክሁ። እንደገና ተመለሰ።

ስለዚህ ከባንክ ጥሬ ብር አወጣሁ። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረ ፖስታ ውስጥ ከተትኩ። አንድ ቅርጫት ፍራፍሬ ገዝቼ ወረድኩ። ፖፖ በሩን ከፍተው ፈገግ አሉ። ፖስታውን ሁለት እጄን ዘርግቼ ሰጠኋቸው፤ ለታላቅ በሁለት እጅ መስጠት እዚያም እንደ እኛው ነው። ፈገግታቸው ፊታቸው ላይ ቀረ፣ ዓይናቸው ግን ሄደ። አልተቀበሉኝም። ዞር ብለው ወደ ኩሽና ገቡ። የቧንቧ ውሃ ሲከፈት ሰማሁ። ዲዬዲዬ ፖስታውን በሁለት ጣት ጫፍ ይዘው ኪሴ ውስጥ ከተቱት። "ማን ዞው" አሉኝ። በቀስታ ሂጂ። ለሚወጣ እንግዳ ሁሉ የሚባል ነው። ለእኔ ግን ያን ቀን ነበር ለመጀመሪያ ጊዜ የተባልኩት። ከዚያ በፊት የሚሉኝ "ነገ ነይ" ነበር።

ለክፍል ጓደኛዬ ነገርኳት። "ምን ዓይነት ፖስታ?" አለችኝ። ፖስታ ነዋ፣ ነጭ። እጇን አፏ ላይ ጫነች። ነጭ ፖስታ ውስጥ ገንዘብ የሚሰጠው ለልቅሶ ነው። ለደስታ ቀይ ነው። እኔ ደግሞ ይህን ያደረግሁት የቻይና አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው፣ ሰው ሁሉ ክፉ ቃል እንኳ ከአፉ እንዳይወጣ በሚጠነቀቅበት ሰሞን። ለሁለት ሽማግሌዎች። የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ የሚባለው ለካ ለዚህ ነው። በሬው የለኝም ነበር።

እፍረት ገደለኝ። ግን ደስም አለኝ፣ እውነቱን ልናገር። ስህተቱ የቀለም ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ቀይ ፖስታ ገዛሁ፣ ወርቃማ ጽሑፍ ያለበት። ያንኑ ገንዘብ አዛውሬ ከተትሁ። የይቅርታ ንግግር አጠናሁ፣ ድምፁን ከነውጣ ውረዱ።

ደረጃው ላይ ከዲዬዲዬ ጋር ተገጣጠምን። ከወንዝ እየተመለሱ ነው፣ በጥር። ፊኛው ትከሻቸው ላይ። ቀዩን ፖስታ አዩና ቆሙ።

"እሱንም መልሺው" አሉኝ።

"ነጩን አላወቅሁም ነበር ዲዬዲዬ፣ ይቅርታ..."

"ነጩማ ያስቃል። ለልጃችን ስንነግራት ስቃ ልትሞት ነበር። ፖፖን የከፋት ፖስታው አይደለም።" ዝም አሉ። የደረጃው መብራት ጠፋብን። እግራቸውን መቱ፣ በራ። "በራችን ላይ ተቀምጠሽ አላንኳኳሽም። ስትድኚ ደግሞ ሂሳብ ልትዘጊ መጣሽ። ይሄ ጂየንዋይ ነው።"

ቃሉን አላውቀውም ነበር። ቤቴ ገብቼ መዝገበ ቃላት ከፈትኩ። "ጂየን" ማየት ነው። "ዋይ" ውጭ። ራስን እንደ ውጭ ሰው ማየት፣ ቤተኛን እንደ ባዳ ማስተናገድ።

"ዋይ"ን ግን አውቃታለሁ። እንዴት አላውቃት። ቻይና ከገባሁ ጀምሮ በጆሮዬ ስትጮህ የኖረች ቃል ናት። "ላኦዋይ" ይሉናል፣ የውጭ ሰው። ልጆች በጣት እያሳዩ፣ ሜትሮ ውስጥ ጎን ለጎን እየተንሾካሾኩ። ለእናቴ በደወልኩ ቁጥር የማማርረው ይህችኑ ነው። ስንት ዓመት ብኖር ለእነሱ ላኦዋይ ነኝ፣ አያስገቡኝም እላለሁ። አሁን አንድ ሽማግሌ ደረጃ ላይ ቆመው፣ ውሃ እየተንጠባጠበባቸው፣ ዋይ ያደረግሽን አንቺ ነሽ ይሉኛል።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። መጀመሪያ ተናደድኩ። የሰው ገንዘብ መመለስ ምን ኃጢአት አለው? ከዚያ ነገሩን ገለበጥኩት። ደብረ ብርሃን ነን እንበል። የጎረቤት ልጅ ሌሊት ታመመች። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ ሐኪም ቤት አብራት አደረች። በሦስተኛው ቀን ልጅቷ ብሩን ቆጥራ፣ ከነአርባ ጭማሪው ይዛ መጣች። እናቴ ምን ትላለች? አትቀበልም። ያ ብቻ አይደለም። "ምነው፣ ምን አደረግናት?" ብላ ትቀየማለች። ልጅቷ ስታልፍ ሰላም ትላታለች፣ በደንብ ትላታለች። ቡና ግን አትጠራትም።

ታዲያ ይህን እያወቅሁ ለምን አደረግሁት? ይሉኝታ ልበለው? ይሉኝታ ብቻ አይደለም። ከሥሩ ሌላ ነገር አለ። የታክሲ ሹፌሮች ስንት ጊዜ "አገራችሁ የሚበላ አለ?" ብለው ጠይቀውኛል፣ በክፋት አይደለም፣ በቅንነት። ስኮላርሺፔም ከእነሱ መንግሥት ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በልቤ የማልሁት መሐላ ነበር፤ ከዚህ አገር ስወጣ "ያቺ አፍሪካዊት ልጅ አንድ ሳንቲም ቀረብኝ" የሚል ቻይናዊ አይኖርም። ለአሥር ኳይ ዳቦ የሃያ ኳይ ብርቱካን የመለስሁት በዚህ ነው። ለካ ከፖፖ ጋር ጎረቤት አልነበርኩም፤ በእሳቸው በኩል ለታክሲ ሹፌሮቹ ሁሉ መልስ እየሰጠሁ ነበር።

ሁሉ ጥፋት የእኔ ነው እያልኩ አይደለም። ቤት ስፈልግ በስልክ "አለ" ብሎ ፊቴን ሲያይ "ተይዟል" ያለኝ ሰውዬም ዉሃን ውስጥ ይኖራል። እሱን አልረሳሁትም። ግን የእሱን ዕዳ ነበር ፖፖን የማስከፍላቸው።

ርቦኛል

አዲስ ዓመቱን ልጃቸው ጋ ሼንዠን ሄደው አሳለፉ። ሲመለሱ ሁሉም ነገር በሥርዓቱ ነበር። "ደህና ነሽ?" "ደህና።" ሳህን መምጣት ግን ቆመ። ኑድል ተራ ላይ አንድ ቀን ከፊቴ ነበሩ። ሆን ብዬ ሳህኔን ሳላማስል ቆምኩ። አዩኝ። ኑድሉ ጋገረ። ዞረው ሄዱ።

ያ ዓመት ሁዳዴ የገባው የካቲት 20 ነበር። ሁዳዴ በመጣ ቁጥር ዉሃን ውስጥ ምን እንደምበላ ይጨንቀኛል። አትክልቱ ሳይቀር በአሳማ ስብ ነው የሚጠበሰው። ባለፈው ዓመት በዳቦና በለውዝ ነው የከረምሁት፣ ማንንም ሳላስቸግር። በዚያ ዓመት በጾሙ ሁለተኛ ቀን ሦስተኛ ፎቅ ወረድኩ። እጄ ባዶ ነው። ብርቱካን የለ፣ ፖስታ የለ። ለማንኳኳት የፈጀብኝን ጊዜ አልነግራችሁም። መብራቱ ሁለት ጊዜ ጠፍቶብኛል።

ፖፖ ከፈቱ።

"ፖፖ" አልኩ፣ ሳልስቅ፣ "ርቦኛል። ለ55 ቀን ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተት አልበላም። ምን እንደምበላ አላውቅም።"

ለረጅም ጊዜ አዩኝ። "ቺ ሱ ነው?" አሉኝ። የአትክልት ጾም። አዎ። "እንዲህ አትይም ታዲያ!" ክንዴን ይዘው አስገቡኝ። እናታቸው፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ በጨረቃ ወር በ1ኛውና በ15ኛው ቀን ሥጋ አይነኩም ነበር ለካ። የቡድሃ እምነት ያላቸው አሮጊቶች ልማድ ነው። ፖፖ ከልጅነታቸው ጀምሮ የእናታቸውን የጾም ወጥ ሲሠሩ ነው ያደጉት። ሃያ ዓመት ሙሉ የጾም ምግብ የሚሠሩለት ሰው አልነበራቸውም።

"እንቁላልም?" እንቁላልም። "እንቁላል ሥጋ አይደለም እኮ።" አውቃለሁ ፖፖ። "ዓሣስ?" ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር በቻይንኛ ልከፍተው አልፈለግሁም፤ በአማርኛም አላለቀም። አልበላም አልኩ።

የሎተስ ሥሩን ሾርባ በጎድን ፋንታ በለውዝ ሠሩት። ሎተስ ሥር ሲነከስ እንደ ሸረሪት ድር ቀጭን ክር ይስባል። ክሩ አገጬ ላይ ሲቀር ፖፖ በአውራ ጣታቸው ጠረጉልኝ። በክረምት ብቻ የሚገኝ ግንዱ ሐምራዊ የሆነ ጎመን አላቸው፣ እሱን በዘይት አቁላሉልኝ። በላሁ። ስጨርስ ልማዴ ሆኖ "ሺዬሺዬ" ልል አፌን ከፈትኩ። ዲዬዲዬ ከጋዜጣቸው ላይ ቀና ብለው አዩኝ። ዘጋሁት።

"የሩቅ ዘመድ" አሉ ዲዬዲዬ፣ "የቅርብ ጎረቤትን አያህልም። የድሮ ሰዎች ተረት ነው፤ አንቺ አታውቂውም።"

አውቀዋለሁ አልኳቸው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል። በአማርኛ አስደገሙኝ። ፖፖ ድምፁ አሳቃቸው።

መዝገቡ

ይህን ሁሉ ስሰማ ቻይናውያን ሂሳብ አይዙም ማለት ነው ብዬ ደምድሜ ነበር። ጥቅምት ላይ የፖፖ የእህት ልጅ ሰርግ ሃንኮው ነበር፣ ከወንዙ ማዶ። ሁለት ኳይ በማትሞላ ቲኬት በጀልባ ተሻገርን። በስተግራ በ1957 የተሠራው ድልድይ ይታያል፣ ያንግዜ ላይ የተዘረጋው የመጀመሪያው። ዲዬዲዬ ዋና ስለማልችል የጀልባውን አጥር እንዳልለቅ አስጠነቀቁኝ።

የሰርጉ አዳራሽ በር ላይ ጠረጴዛ አለ። አንድ ሰውዬ ቀይ መዝገብ ዘርግቶ ተቀምጧል። እንግዳው ቀይ ፖስታውን ይሰጣል፣ ሰውዬው ይቆጥራል፣ ስምና መጠኑን ይጽፋል። በአደባባይ! እኔ 600 ይዤ ነበር፤ ተጋማሽ ቁጥር መሆን አለበት፣ ስድስት ጥሩ ነው፣ አራት አይነካም፣ ሞትን ይመስላል ድምፁ። ፖፖን "ሂሳብ አይያዝም አላላችሁም ወይ?" አልኳቸው። እንደ ሞኝ አዩኝ። ማን አለ? ይያዛል እንጂ። ስታገቢ ይህን መዝገብ እንገልጣለን፣ 600 የሚለውን እናያለን፣ ከዚያ በላይ አድርገን እንመልሳለን። ያኔ አንቺ ደግሞ በተራሽ ትመልሻለሽ።

እናቴ ብድር በምድር የምትለው ይህንን ነው። ዕዳው ይቆጠራል፣ በደንብ ይቆጠራል። በማግሥቱ አይከፈልም እንጂ። (እስካሁን አላገባሁም። ስለዚህ ዉሃን ውስጥ ያልተከፈለ 600 ኳይ አለኝ።)

ጸሐፊው ስሜን ጠየቀኝ። የቻይና ስሜ ጠፋብኝ፣ ወረፋው ረዝሟል። ፖፖ ተቆጡና "አምስተኛ ፎቅ በለው" አሉት። ጻፈው። አምስተኛ ፎቅ፣ 600።

በ2018 አጋማሽ ትምህርቴን ጨርሼ ተመለስኩ። ሲሸኙኝ ስለ 1,260ው ማንም አላነሳም። እኔም አላነሳሁም፣ እና ይሄ ቀላል አልነበረም።

ጥር 23፣ 2020 ጠዋት ዉሃን ተዘጋች። አዲስ አበባ ጥምቀት ካለፈ ሦስተኛ ቀን ነው። ፖፖ ጋ ደወልኩ፣ አይነሳም። በማግሥቱ የቻይና አዲስ ዓመት ዋዜማ ነበር። ዊቻት ውስጥ የቀረችኝ ትንሽ ገንዘብ አለች። 66 ኳይ ሆንግባኦ፣ ማለትም በስልክ የሚላክ ቀይ ፖስታ፣ አድርጌ ላክሁ። ሆንግባኦም እንደዚያው ነው፣ በ24 ሰዓት ካልተከፈተ ይመለሳል።

ስልኬን ይዤ ዋልኩ። አምስት ሰዓት፣ አሥር ሰዓት። አልተከፈተም። ይዤው አደርኩ። ዜናውን አላይም ብዬ አያለሁ። አሥራ ስምንት ሰዓት። ተመልሳ የምትመጣዋን መልእክት እንዲህ ፈርቻት አላውቅም።

በአሥራ ዘጠነኛው ሰዓት ተከፈተ።

ወዲያው 88 ኳይ መጣ። ቀጥሎ የድምፅ መልእክት። ግማሹ ንጹሕ የዉሃን አነጋገር ስለሆነ ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሁለቱም ደህና ናቸው። ስልኩ ዲዬዲዬ ኮት ኪስ ውስጥ ተረስቶ ነበር። ዲዬዲዬ ወንዝ አትሂድ ስለተባሉ ቤቱን በቁጣ ሞልተውታል። ሩዝ አለ፣ የደረቀ ዓሣ አለ፣ ጎመን ትንሽ ነው። አንቺስ በልተሻል?

88ቷን ተቀበልኩ። "ሺዬሺዬ" ብዬ መጻፍ ጀመርኩና አጠፋሁት።

"አልበላሁም ፖፖ" ብዬ ጻፍኩ። "ምን ልሥራ?"